የሰይድ አሥራ አራት ጨዋታዎች

ኮምቦልቻ ያላችሁ ወዳጆቼ «አውስትራሊያ እንዴት ነው?» እያላችሁ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ይኸው ጻፍኩት። ስለ ባሕሩና ስለ ፎቁ ብዙ አልነግራችሁም። ባሕሩን ያየሁት ከአውሮፕላን ነው፣ ፎቁን ደግሞ አንድ ቀን ጠፍቼ ስዞር። የሄድኩት ሰው ለማየት ነበር።

ስፖርት ያስተማርኳችሁ ሁሉ ሰይድን በስም ታውቁታላችሁ። በወጣትነታችን አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ፋብሪካ ቡድን ቅርጫት ኳስ አብረን እንጫወት ነበር። አምበሉ እኔ ነበርኩ፣ ከሁላችን በቁመት የሚበልጠው ደግሞ እሱ። በደርግ ጊዜ ለውድድር ናይሮቢ ሄደን ሰይድ በዚያው ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሜልቦርን ገብቶ በደሞዝ የሚጫወት ሆነ። እኛ እስከምናውቀው ድረስ ከአገራችን ሰው ቅርጫት ኳስ ተጫውቶ ደሞዝ የበላ እሱ የመጀመሪያው ነበር። አሥራ አንድ ዓመት እንደተጫወተ በደብዳቤ ነግሮኝ ነበርና እኔም ለተማሪዎቼ ይህንኑ ስናገር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ።

ዘንድሮ ትምህርት ቤታችን አዲስ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ሲያሠራ፣ ርእሰ መምህሩ የሰይድን ታሪክ በግድግዳው ላይ እናጽፍ አለኝ። በዚያው ሰሞን የሰይድ ልጅ ሀያት ደወለች። «አባዬ ታሟል። እርስዎን ቢያይ ደስ ይለዋል» አለችኝ። ቪዛውንም ቲኬቱንም እሷው ጨረሰችልኝ።

ዓርብ እና ቅዳሜ

የተነሳሁት የፍልሰታ ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። አውሮፕላን ላይ ጾመኛ መሆኔን ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። አስተናጋጇ አትክልት መስሏት በአይብ የተሸፈነ ድንች አመጣችልኝ። መልሼ ሰጠኋትና በደረቅ ዳቦና በሁለት ቁራጭ ሐብሐብ ሌሊቱን አለፍኩ። መሀል ላይ አውሮፕላን የምንቀይርበት አገር ሰባት ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጬ እግሬ ስላበጠ ጫማዬን እንደ ነጠላ ጫማ ተረከዙን ረግጬ ነው ሜልቦርን የወረድኩት።

እሑድ

አየር ማረፊያው ላይ ሻንጣዬን አስከፈቱኝ። የሰይድ ሚስት እህት ኮሰረት ጨምራ ያነጠረችውን ቅቤ በፕላስቲክ ዕቃ አሽጋ ልካ ነበር። ጓንት ያጠለቀው ፈታሽ ከፍቶ አሸተተው፣ ፊቱን አላጠቆረም። ይቅርታ እየጠየቀኝ ከቆሻሻ ዕቃ ውስጥ ጨመረው። ተቆጥቶኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ሀያት ውጭ ትጠብቀኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሆናት፣ እንደ አባቷ ረጅም፣ እዚያው ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። «እርስዎ» ብላ ትጀምርና መሀል ላይ «አንተ» ይሆንባታል፣ ከዚያ ደንግጣ እንደገና «እርስዎ» ትላለች። ትሩጋኒና የሚባለው ሰፈራቸው እስክንደርስ መንገዱ ግራና ቀኝ መስኮት በሌላቸው ግዙፍ መጋዘኖች የተሞላ ነው። እሷም ከነዚያ በአንዱ ውስጥ ትሠራለች። ቤቶቹ ሁሉ በአንድ ቀን የተሠሩ ይመስላሉ። ቀኑ እሑድ ሆኖ መንገድ ላይ አንድ ሰው አላየሁም። የነሐሴ ብርዱ ደግሞ ከኛ የተለየ ነው። የኛ ነሐሴ ዝናቡን አውርዶ ያባራል፣ የነሱ ግን ሳይዘንብም ሳያባራም ቀኑን ሙሉ ፊትህን ይገርፍሃል።

ሰይድ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ድሮ በየትኛውም በር አጎንብሶ የሚያልፍ ሰው ነበር። አሁን ግን በሩን ሳያጎነብስ አለፈው። አንገቱ ከትከሻው መሀል ገብቷል፣ ግራ ክንዱ ላይ ደም ሥሩ እንደ ገመድ ተነፍቷል።

«ጌቴ፣ ሸበትክ» አለኝ።

«አንተ ደግሞ አጠርክ» አልኩት። ሁለታችንም ለመሳቅ ሞከርን።

ሚስቱን ዘይነባን ያን ቀን ነው ያወቅኳት። የወሎ ሰው ታውቁታላችሁ፣ የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ አንድ ገበታ ላይ ሲቀርብ ሰው ይሳቀቃል። ጾሙ ከዚያ ገላገለን። ዘይነባ ግን በዚህ አልበቃትም። ቅቤ ነክቶት የማያውቅ አዲስ ድስት ገዝታ ኖሮ «ይሄ የጋሼ ነው» ብላ ለብቻው አስቀምጣዋለች። በነበርኩበት ጊዜ ሁሉ ምስር፣ ሽሮና ጎመን በዚያ ድስት ሠራችልኝ። ሰይድ ከጎኔ ተቀምጦ በሐኪም ትእዛዝ ጨው የሌለው ሩዝ ይበላል። ውኃ እንኳ የሚጠጣው በተለካ ብርጭቆ ነው።

ሰኞ

ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ኩላሊቱን ይታጠባል። አብሬው ሄድኩ። ንጹሕ አዳራሽ ነው፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ተዘርጊ ወንበር አለው፣ ነርሷ በስሙ ትጠራዋለች። አምስት ሰዓት ሙሉ ደሙ በቱቦ ወጥቶ በቱቦ ሲመለስ አየሁ። እኛ አገር ለዚህ ሰው ቤቱን ይሸጣል፣ ፎቶውን ለጥፎ በየታክሲው ይለምናል። እዚህ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ይህንኑ ለሀያት መኪና ማቆሚያው ጋ ነገርኳት። መሪውን ይዛ ሞተሩን ሳታስነሳ ቆየች።

«ጋሼ፣ አባዬ ማቆም ይፈልጋል» አለችኝ በመጨረሻ። «ለዶክተሩ ነግሮታል። ዶክተሩ ደግሞ መብቱ ነው አለ። ፎርም ሁሉ ሰጥተውታል።»

«ካቆመስ?»

«አንድ ሳምንት። ከቆየ ሁለት።»

«ታዲያ እኔን የጠራሽኝ ለዚህ ነው?»

«ከኔም ከእማዬም ጋር አያወራም። ስለ እርስዎ ሲሆን ግን ያወራል። እባክህ ለምነው» አለች። ያን ጊዜ «እርስዎ» ትዝም አላላትም። እኔ የመጣሁት ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ፣ ታሪክ ልጽፍ ነበር።

ማክሰኞ

የተጫወትክበትን አዳራሽ አሳየኝ ብዬ ሰይድን ብጠይቀው «ፈርሷል» አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። በታጠበ ማግስት እንደዚህ ነው፣ ሬሳ ይሆናል። ሀያት ሺፍት ላይ ናት። ቤት ውስጥ ከምቀመጥ ብዬ ዘይነባ በሰጠችኝ ካርድ ባቡር ተሳፍሬ መሀል ከተማ ወረድኩ።

ሁለት ሰዓት ዞሬ ስመለስ የመጣሁበትን ጣቢያ አጣሁት። ሰውን ላነጋግር ብል ሁሉም ጆሮው ውስጥ ነገር ሰክቷል። አንድ ትልቅ ፎቅ በር ላይ የቆመ ጥበቃ አይቶኝ «አባባ፣ ሐበሻ ነህ?» አለኝ። ጉታ ይባላል፣ የባሌ ልጅ ነው። አማርኛ የተማረው በኋላ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። የዕረፍት ሰዓቱን ትቶ፣ ሙዝና ዳቦውን አካፍሎኝ ጣቢያው ድረስ አደረሰኝ። እንግድነቴ እነማን ቤት እንደሆነ ጠየቀኝና ነገርኩት።

«ረጅሙ ሰይድ?» አለ። «እኔን ጽዳት ሥራ ያስገባኝ እሱ ነው። ይሄን ፎቅ አብረን ጠርገናል። እሱ እዚህ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል።»

«ኳሱን ካቆመ በኋላ ማለትህ ነው» አልኩት።

ጉታ ትንሽ አሰበ። «ኳስ እኔ አላውቅም። በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት መጥረጊያ ያዝኩ ብሎ ነው የነገረኝ።»

ባቡር ውስጥ ተቀምጬ በጣቴ ቆጠርኩ። በምንም መንገድ ብቆጥረው አሥራ አንዱ ዓመት የሚገባበት ቦታ የለም። ማታ ሀያት ስትመለስ ወጥ ቤት ውስጥ ቀስ ብዬ ጠየቅኳት።

«አሥራ አንድ ዓመት?» አለች ገርሟት። «ኧረ አንድ ሲዝን ነው። እሱም አልሞላም መሰለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ያለዎት ማነው?»

ማን እንዳለኝ አልነገርኳትም።

ሐሙስ

ረቡዕ እጥበት ላይ አብሬው ዋልኩ፣ ግን ያወራነው ስለ አየሩ ነው። ሐሙስ ሀያት ሥራ ስላልነበራት ክሬጊበርን ወሰደችኝ። ከተማውን ከምዕራብ ወደ ሰሜን ዞረን አንድ ሰዓት ሄድን። እዚያ ኬን የሚባል፣ ድሮ የሰይድ ቡድን ማሊያና ኳስ ጠባቂ የነበረ ሽማግሌ ይኖራል። እስከ ዛሬ በየዓመቱ ለሰይድ ካርድ ይልካል።

ኬን ሻይ ከወተት ጋር፣ ብስኩት ከቅቤ ጋር አቀረበልኝ። ሀያት ስለ ጾሙ ስታስረዳው ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ከዛፉ ላይ መንደሪን ለቅሞ መጣና እየላጠ አንድ በአንድ በእጄ ሰጠኝ። የጨዋታዎቹን ወረቀት የሚመዘግበው እሱ ስለነበር ጥያቄዬን ለመመለስ አላቅማማም።

«አሥራ አራት ጨዋታ» አለ። ሀያት ተረጎመችልኝ፣ መተርጎሙ ባያስፈልገኝም።

ከሁሉ አስበልጦ የሚያስታውሰው ስድስተኛውን ነው። ሰይድ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ቆይቶ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ገባ። የተቃራኒው ቡድን ልጅ አስገባሁ ብሎ ዘሎ ሳለ ኳሷን ከቅርጫቱ አፍ ላይ በአንድ እጁ ነጠቀው። ኬን ከወንበሩ ተነስቶ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አሳየኝ። የሰባ ስምንት ዓመት ሰው ነው። «አዳራሹ በሙሉ ቆመ» አለ። «እሱ ግን ምን እንደተፈጠረ ያልገባው ይመስል ዞር ዞር ብሎ ያያል።»

ዓመቱ ሲያልቅ ቡድኑ ሌላ ረጅም ሰው ከአሜሪካ አስመጣ። ሰይድን መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመው አሰናበቱት። እንግሊዝኛው ገና ስለነበር በደንብ አልገባውም፣ ወይም እንዲገባው አልፈለገም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለልምምድ መምጣቱን አላቋረጠም። ማሊያውን ለብሶ ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል፣ የሚያናግረው የለም። በመጨረሻ «ነገ አትምጣ» ያልኩት እኔ ነኝ አለ ኬን። ይህን ሲናገር ሀያትን አላያትም፣ የመንደሪን ልጣጩን ከጠረጴዛው ላይ ይሰበስብ ነበር።

ስንመለስ ሀያት መኪናውን አንድ ጊዜ አቁማ ዓይኗን ጠረገች። አባቷ ግድግዳ ተደግፎ መቀመጡን እሷም አልሰማችም ኖሯል።

ዓርብ

ነርሷ ሁለቱን መርፌዎች ሰክታ ከሄደች በኋላ ሰይድ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ክሬጊበርን ሄዳችሁ አሉ» አለኝ።

«ሄድን።»

«ኬን ስንት አለህ?»

«አሥራ አራት።»

«ልክ ነው» አለ። ማሽኑ ይንሾካሾካል። ዓይኑን እንደጨፈነ ቀጠለ። «መታሰርህን የሰማሁት እዚህ በገባሁ በዓመቱ ነው። ሰይድን ያስመለጥከው አንተ ነህ ብለው ስምንት ወር እንዳሰሩህ፣ ከቡድን እንዳባረሩህ። ደብዳቤው ሲደርሰኝ የቢሮ ሽንት ቤት ነበር የማጥበው። ምን ብዬ ልመልስልህ? የታሰርክልኝ ሰው ሽንት ቤት ያጥባል ልበልህ? እጫወታለሁ ብዬ ጻፍኩ። በሚቀጥለው ዓመት አሁንም እጫወታለሁ አልኩ። ከዚያ ማቆሚያ አጣሁለት።»

«በምን አቆምከው?»

«በዕድሜ። ሠላሳ ስድስት ሲሞላኝ አቆምኩ። ሰው ሁሉ የሚያቆመው በዚያው ነው።»

ለእስሩ አንድም ቀን ተቆጥቼው አላውቅም። ያን ቀን ግን ተቆጣሁ። «እኔ በደብዳቤህ የተጽናናሁ መስሎሃል?» አልኩት። «አንዱን ባነበብኩ ቁጥር ናይሮቢ አብሬው ብቀር ኖሮ እያልኩ ሰንብቻለሁ። ሚስቴ ላይ አኩርፌያለሁ፣ ተማሪ ላይ ጮኬያለሁ። እጠርጋለሁ ብትለኝ ኖሮ እኔም የሆዴን እጽፍልህ ነበር።»

ዓይኑን ገለጠና አየኝ። «ይሄን አላሰብኩትም» አለ። «ወላሂ አላሰብኩትም።»

በኋላ ያልተሰካበትን እጁን ያዝኩና ለምን ማቆም እንደሚፈልግ ጠየቅኩት።

«ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ የማሽኑ ነው። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ የድካሙ ነው። የኔ የሚባል ቀን የለኝም ጌቴ። አምስት ዓመት ሆነኝ። ሼሁንም አነጋግሬያለሁ፣ ዶክተሩንም። ሀያት ብቻ ናት ያቃተችኝ።»

ያዘጋጀሁት ልመና ነበረኝ፣ ግን ተውኩት። «ለኔ ስትል ትንሽ ቆይ» ብቻ አልኩት።

አሰበበት። «ቤትህ እስክትገባ ድረስ ወደዚህ ማሽን እመጣለሁ» አለ። «መንገድ ላይ ሳለህ እንድትሰማው አልፈልግም። ከገባህ በኋላ ግን አትለምነኝ።»

ሰኞ እና ማክሰኞ

ቅዳሜና እሑድ ዘይነባ ለመንገዴ ዳቦ ስትጋግር፣ እኔና ሰይድ ብርድ ልብስ ደርበን ፀሐይ ያለችበት መስኮት ሥር ተቀመጥን። ስለ ኳስ አላወራንም። ሰኞ ስሰናበተው ከወንበሩ ልነሳ ብሎ አቃተው። ጎንበስ ብዬ አቀፍኩት።

አየር ማረፊያው ላይ ለሀያት የተባባልነውን ሁሉ ነገርኳት። መደበቅ ይቻል ነበር፣ ግን በዚያ ቤት በኩል የሚበቃ ተደብቋል። ሻንጣዬን ይዛ ቆማ ሰማችኝ።

«ቤትህ እስክትገባ?» አለች።

«አዎ።»

«እንግዲያው ጋሼ፣ ቀስ ብለህ ሂድ» አለችኝ።

ከተመለስኩ በኋላ

ማክሰኞ አዲስ አበባ ስደርስ ልጄ ቤት ሻንጣዬን አስቀመጥኩና ኮምቦልቻ አልሄድኩም። ቅዳሜ ለሰይድ ደወልኩለት።

«ገባህ?» አለኝ።

«አልገባሁም። ደብረ ብርሃን ነኝ።»

«ብርዱ እንዴት ነው?»

«እንደ እናንተው ነው» አልኩት፣ በልጄ ሳሎን ተቀምጬ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደብረ ሲና ደረስኩ አልኩት። ዋሻው በር ላይ ቆሎ የሚሸጡት ሴቶች አሉ ወይ አለኝ፣ አሉ አልኩት። በሦስተኛው ሸዋ ሮቢት ነኝ አልኩ። «በእግርህ ነው እንዴ የምትሄደው?» አለና ሳቀ፣ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት። መንገድ ተዘግቶ ነው አልኩት። ይህስ በእኛ አገር የማያሳፍር ምክንያት ነው። አጣዬ አንድ ሳምንት ቆየሁ፣ ከሚሴ አንድ ሳምንት። በእያንዳንዱ ከተማ የሚያውቀውን ሰው ይጠይቀኛል፣ የትኛው ሻይ ቤት እንደነበረ ይነግረኛል። ያን ያህል ረጅም ጊዜ በስልክ አውርተን አናውቅም። ስለ እስር ቤቱ ነገርኩት፣ እሱም ስለ መኪና ማቆሚያው ነገረኝ። ሀያት በየዓርቡ «ዛሬም ሄዷል» የሚል መልእክት ትልክልኛለች።

በስድስተኛው ቅዳሜ ሐርቡ ነኝ አልኩት። ድምፁ በጣም ቀጥኗል።

«ከሐርቡ ኮምቦልቻ ቅርብ ነው» አለ።

«ቅርብ ነው።»

«ጌቴ፣ ግባ እንግዲህ። ደክሞኛል።»

በማግስቱ ማለዳ መናኸሪያ ሄጄ እውነተኛውን አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ቤቴ የደረስኩት ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ቁልፉ ስለዛገ በሩ አስቸገረኝ። በረንዳው ላይ እንደቆምኩ ደወልኩለት።

«ገባሁ» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ» አለ። «እንኳን ደህና ገባህ።»

በዚያ ሳምንት ለትምህርት ቤቱ የጻፍኩትን አንድ ገጽ ለርእሰ መምህሩ ሰጠሁት። ሰይድ በሜልቦርን አሥራ አራት ጨዋታ በደሞዝ ተጫወተ፣ ከዚያ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሮ ጠረገ ይላል። ሁለተኛው ይውጣ፣ አሥራ አራቱም «ለበርካታ ዓመታት» ይባል አለኝ። እኔ እምቢ አልኩ። ግድግዳው እስካሁን ነጭ ነው።

ሀያት የደወለችው በገባሁ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። ስልኩን ሳነሳ ከኋላዋ የሰው ድምፅና ቁርኣን ሲቀራ ይሰማኛል።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «አሁን የት ነዎት?»

«ቤቴ ነኝ» አልኳት።